ችክችካን የሚችል ስቲክ

ልጃቸው ድራም ሊጀምር መሆኑን የሚነግሩኝ ወላጆች ስለ ድራሙ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ስሞታ፣ ስለ ቤት ጥበት ብዙ ይጠይቁኛል። ስለ መምቻው ስቲክ የሚጠይቀኝ የለም ማለት ይቻላል። ስቲክ ከድራሙ ጋር ተመርቆ የሚመጣ፣ ማንኛውም እንጨት ሊተካው የሚችል ነገር ይመስላቸዋል። እዚህ ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ ልጆች ሳስተምር፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግና ምግብ ቤት ስጫወት የታዘብኩት ግን ሌላ ነው። መናኛ ድራም በጥሩ ስቲክ ደህና ድምፅ ይወጣዋል። እጅ ያልተስማማው ስቲክ ግን የስንት ሺህ ዶላር ድራም ላይ ቢቀመጡም አንጓ ያሳምማል፣ ምት ያጎትታል። ይህንን ለማስተካከል የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ15 ዶላር አያልፍም።

የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ገብቶ ከስቲኩ መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ከላይ እስከ ታች የተሰካው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው። ሻጩ ቀረብ ብሎ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደምትጫወቱ ይጠይቃል፤ ጃዝ ካላችሁት ቀጭኑን፣ ሮክ ካላችሁት ወፍራሙን ያወርዳል። ለፈረንጆቹ ሙዚቃ የሚሆን ደህና ምክር ነው። የኛን የሠርግ ምሽት ግን አስቡት። እራት ላይ ትዝታ በለሆሳስ ይጀመራል። ከዚያ ችክችካው ይነሳና የጎንደሩ፣ የጎጃሙ፣ የወሎው ዘፈን እየተያያዘ፣ ሰዉ እስክስታውን እየወረደ፣ ያለ ዕረፍት ረጅም ጊዜ ይሄዳል። ማሳረጊያው ላይ ጉራጊኛ ይመጣል፤ ያኔ ፍጥነቱም ጉልበቱም ሌላ ነው። ለስላሳውንም፣ ረጅሙንም፣ ፈጣኑንም የሚመታው ያው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ድራመር ስቲክ ሲመርጥ መለኪያው ጃዝም ሮክም ሳይሆን ችክችካ ይሁን እላለሁ።

ለምን መሰላችሁ? ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ምት ነው። ቀኝ እጅ ሃይሃት በሚባሉት ጥንድ ሲምባሎች ላይ ሳያርፍ ይመላለሳል፤ ግራው ስኔር የሚባለውን ድራም መሃል መሃል ላይ ይጠራዋል፤ እግር ከሥር ትልቁን ድራም ይመታል። የሚያደክመው ፍጥነቱ ሳይሆን አለማቋረጡ ነው። የችክችካ ውበት ደግሞ ያለው ቀኝ እጅ አንዷን ምት ጠበቅ፣ ተከታይዋን ላላ በማድረጉ ላይ ነው። ስቲኩ ለእጁ ከከበደ ላላዋ ምት ትጠፋለች፤ ሁሉም ምት እኩል ጮኾ እስክስታው የወታደር ሰልፍ ይሆናል። ስቲኩ ከቀለለ ደግሞ ጠበቅ ያለችውን ምት በክንድ ጉልበት ማምጣት ግድ ይሆናል፤ ሠርጉ ሳይጋመስ ክንድ ይዝላል።

ስቲክ ላይ የሚጻፈውን ቁጥርና ፊደል ማንበብ ከባድ አይደለም። በብዛት የሚገኙት 7ኤ፣ 5ኤ፣ 5ቢ እና 2ቢ ናቸው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ስቲኩ ይወፍራል፤ ቢ ከኤ ይወፍራል። ብዙ ሰው የሚገዛው ቪክ ፈርዝ በሚባለው ማርክ ብንሄድ 7ኤ 13.7 ሚሊሜትር፣ 5ኤ 14.4፣ 5ቢ 15.1፣ 2ቢ ደግሞ 16 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው። ርዝመታቸው ከ39 እስከ 41 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ያለው ልዩነት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ዓይን አይለየውም፣ እጅ ግን ወዲያው ያውቀዋል። ቁጥሩ ፋብሪካዎች ሁሉ የተስማሙበት ልክ አይደለም። የፕሮማርክ የተለመደው 5ኤ 14 ሚሊሜትር ነው፤ የቫተር 5ኤ ደግሞ 14.5። አንዱን ማርክ ለምዶ ሌላውን የገዛ ሰው "ያው 5ኤ ነው" ብሎ ቢገረም ምክንያቱ ይህ ነው።

የኔ ምክር ቀላል ነው። አዋቂ ከሆናችሁ ከ5ኤ ጀምሩ። ለችክችካ ሚዛኑ እዚያ ላይ ነው፤ ትዝታውንም አያደነቁረውም፣ ጉራጊኛውንም ይሸከማል። እጁ ትንሽ የሆነ የዘጠኝና የአሥር ዓመት ልጅ 7ኤ ይያዝ። 5ቢ ሜዳ ላይ ወይም በትልቅ አዳራሽ ለሚጫወት፣ እጁም ለረዘመ ሰው ይሆናል። ልጆች እጃቸው እንዲጠነክር 2ቢ ይዘው ይለማመዱ የሚሉ አስተማሪዎች አሉ፤ አልስማማም። ወፍራም ስቲክ ከቆዳው ላይ የሚነጥረው በራሱ መንገድ ነው፤ ልጁ አንዱን ነጠራ ለምዶ በሌላው ይጫወታል፣ አንጓውም ገና አልጠናም።

ስለ እንጨቱ ትንሽ ላውራ። አብዛኛው ስቲክ የሚሠራው ከሂከሪ ነው። ሂከሪ የምሥራቅ አሜሪካ ዛፍ ነው፤ እዚሁ ቨርጂኒያ ጫካ ውስጥ ይበቅላል። ለመጥረቢያና ለመዶሻ እጀታም የሚመረጠው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሲመቱበት ንዝረቱን እንጨቱ ራሱ ይውጠዋል፣ ለእጅ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሜፕል ከሂከሪ ይቀላል፤ ወፈር ያለ ስቲክ ሳይከብደው መያዝ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው፣ ግን ቶሎ ይበላል። ኦክ ይከብዳል፤ ይበረክታል፣ ንዝረቱን ግን ከሂከሪ የበለጠ ለእጅ ያቀብላል። ይህንን በመጽሐፍ አይደለም ያወቅኩት። በልጅነቴ አዲስ አበባ በቀበሌ ኪነት ስጫወት ከውጭ የመጣ ስቲክ ማግኘት ዘበት ነበር። አናጺ ዘንድ ሄደን ከወይራ እናስጠርብ ነበር። ወይራ አይሰበርም፤ በዚያ ዘመን ለኛ ትልቅ ነገር ነበር። ግን የመታነውን ሁሉ ለእጃችን ይመልሰዋል፣ የስኔሩንም ቆዳ ያጎደጉደዋል። ከትርኢት በኋላ ጣቶቻችን ብርጭቆ አልይዝ ይሉ ነበር። ያኔ የእጅ ድካም የድራመርነት ዕጣ ይመስለን ነበር፤ ሂከሪ ስይዝ ነው የእንጨቱ ጉዳይ መሆኑ የገባኝ።

የስቲኩ ጫፍ እንጨት ወይም ናይለን ይሆናል። የናይለኑን ጫፍ በ1958 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ያመጣው ጆ ካላቶ የሚባል የናያጋራ ፎልስ ሰው ነው፤ ራሱ ድራመርም እንጨት ሠሪም ነበር፣ የእንጨቱ ጫፍ እየተፈረፈረ አስቸግሮት ነው ይህን ያደረገው። ናይለን ሲምባል ላይ ጥርት ያለና ሹል ድምፅ ያወጣል። የእንጨት ጫፍ ሞቅና ደብዘዝ ይላል። በችክችካ ሃይሃቱ ያለማቋረጥ ስለሚሰማ ናይለኑ በጠባብ ምግብ ቤት ውስጥ ጆሮ ያሰለቻል፤ እኔ እንጨቱን እመርጣለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ናይለን ይሻላል። አፓርታማ ወይም ታውን ሃውስ ውስጥ የሚኖር ብዙ ቤተሰብ ለልጁ የሚገዛው ኤሌክትሮኒክ ድራም ነው፤ ልጁ በጆሮ ማዳመጫ ይጫወታል፣ ጎረቤት ሰላም ያገኛል። ከነዚህ ድራሞች የብዙዎቹ ፊት እንደ ወንፊት የተጠለፈ ጨርቅ ነው። የእንጨት ጫፍ ሲሰነጠር ስንጥሩ ጨርቁን ይዘነጥለዋል። ጨርቁን ማስቀየር ከአንድ ጥንድ ስቲክ ዋጋ በላይ ያስወጣል፤ ስለዚህ ለኤሌክትሮኒክ ድራም ናይለን ጫፍ ግዙ፣ ወይም የእንጨቱን ጫፍ ሳምንት በሳምንት በጣት እየዳሰሳችሁ አጣሩ።

ሰው የሚረሳው አንገቱን ነው፤ ስቲኩ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድበትን ክፍል ማለቴ ነው። አንገቱ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ስቲኩ ቶሎ ይነጥራል፣ ለላላዋ ምት ይመቻል፤ ግን እዚያው ላይ ይሰበራል። አጭርና ወፍራም ከሆነ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይበረታል። ችክችካ የሚመታ ሰው ስቲክ የሚጨርሰው በጫፉ ሳይሆን በአንገቱ ነው፤ ጠበቅ ያለችው ምት የምትወርደው በሃይሃቱ ጠርዝ ላይ ነውና ብረቱ እንጨቱን ቀን በቀን ይግጠዋል። የኔን አሮጌ ስቲኮች ያየ ሰው አንገታቸው አይጥ የበላው ይመስለዋል።

በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ሲመቱ ያደጉ ልጆች ወደኔ ሲመጡ ደስ ይለኛል። ምቱ ደማቸው ውስጥ አለ፤ ስድስቱን መቁጠር ማንም ሊያስተምራቸው አያስፈልግም። ነገር ግን ከበሮ የሚመታው በመዳፍ ነው፣ መዳፉ ቆዳው ላይ ተጭኖ ድምፁን ይቀርጻል። ያንን ልምድ ይዘው ስቲኩን አንቀው ይይዙታል። እነዚህን ልጆች አስቀድሜ ስቲኩን በአንድ ጣት ላይ አጋድመው ሚዛኑን እንዲፈልጉ አደርጋለሁ፤ ከዚያ ከሚዛኑ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከወፍራሙ ጫፍ አንድ ሦስተኛ ያህል ላይ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ላላ አድርገው ይይዙትና የመለማመጃ ፓድ ላይ ይጥሉታል። ስቲኩ ራሱ ደጋግሞ ከነጠረ ትክክለኛው ቦታ ላይ ናቸው። ለነሱ ክብደቱ ወደ ፊት ያላጋደለ፣ ቫርኒሹ የማያንሸራትት ስቲክ ነው የምመርጠው። እጅ የሚያልበው ልጅ አንቆ የሚይዘው እንዳያመልጠው ብሎ ነው፤ እጀታው በጎማ የተነከረ ስቲክ ሲሰጠው ያኔውኑ ይፈታል።

ልጃችሁ የፌርፋክስ መንግሥት ትምህርት ቤት ባንድ ውስጥ ከገባ ሌላ ጥንድ ያስፈልገዋል። ብዙ የባንድ አስተማሪዎች ለጀማሪ የሚያዙት ኤስዲ1 ጄኔራል የሚባለውን ነው፤ ከሜፕል የተሠራ፣ ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር፣ ጫፉ ክብ። ኮንሰርት ስኔር ላይ ክብ ድምፅ ስለሚያወጣ ነው። እሱን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የድራም ሴት ላይ ቢቀመጥ ግን ከባድ ይሆንበታል። ለአንድ ልጅ ሁለት ዓይነት ስቲክ መግዛት ብክነት የሚመስላቸው ወላጆች አሉ፤ ብክነት አይደለም።

ቤተ ክርስቲያን ካልኩ አይቀር፣ በሰሜን ቨርጂኒያ ካሉን ወጣት ድራመሮች ብዙዎቹ የወጡት ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የአምልኮ ቡድኖች ነው። ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ፣ እሁድ ሁለት ፕሮግራም፤ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። አዳራሾቹ ግን ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያላቸው ናቸው፣ ድራሙም በመስታወት መሰል ፕላስቲክ ይከለላል። እዚያ ውስጥ 5ቢ ይዞ የሚገባ ልጅ የገዛ ጆሮውን ነው የሚጎዳው። 7ኤ ወይም ቀለል ያለ 5ኤ ይበቃል። የቨርጂኒያዋ እስክንድርያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሰው እየተመገበ በሚጫወቱበት ምግብ ቤት ደግሞ ሮድ የሚባለው አለ፤ ቀጫጭን እንጨቶች በአንድ ላይ ታስረው የተሠሩ ናቸው። ድምፁ ከስቲክ ግማሽ አይሆንም፣ ችክችካው ግን አይጠፋም። ሮድ ከስቲክ ይወደዳል፣ ቶሎም ያልቃል፤ ሆኖም የምግብ ቤቱ ባለቤት ደግሞ እንዲጠራችሁ ከፈለጋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ አይጥፋ።

ለትዝታ አንድ የምወደው ዘዴ አለኝ። ስቲኩን ገልብጬ ስኔሩ ላይ አጋድመዋለሁ፤ ጫፉ መዳፌ ሥር ይቀራል፣ ወፍራሙ ቂጥ የስኔሩን የብረት ጠርዝ ይመታል። ጠብ ጠብ የሚል፣ ክብ የሆነ የእንጨት ድምፅ ይወጣል፤ ዘፋኙ በሹክሹክታ ቢዘፍንም አይሸፍነውም። ስቲኩ በጣም ከቀጠነ ይህ ድምፅ ይደርቃል። ከ7ኤ ይልቅ 5ኤን ከምወድበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

ከማርኮቹ ታሪክ አንዱ ለኛ ይቀርባል። ቪክ ፈርዝ ማርክ ከመሆኑ በፊት ሰው ነበር፤ በቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቲምፓኒ የሚባለውን ትልቅ ድራም ለአሥርተ ዓመታት የተጫወተ ሙዚቀኛ። የሚፈልገውን ስቲክ ገበያ ላይ ሲያጣ በእጁ ጠርቦ ለእንጨት ቀራጭ ሰጠ፤ ኩባንያውን የመሠረተው በ1963 ነው። በ2010 ኩባንያው ከዚልጂያን ጋር ተዋሐደ። ዚልጂያን በ1623 ቁስጥንጥንያ ውስጥ ሲምባል መሥራት የጀመረ የአርመን ቤተሰብ ነው። የአርመን ስም ሲነሳ የኛ ሙዚቃ ሰው ጆሮው ይቆማል፤ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ዘመናዊ ባንድ ታሪክ ካቆሙት መካከል ናቸው። ኬቮርክ ለራስ ተፈሪ የዘውድ በዓል የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለውን የሙዚቀኛ ትውልድ አሠለጠነ።

ስቲክ ከመግዛታችሁ በፊት ጆሯችሁ ምን እንደሚፈልግ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ዋሊያስ ባንድን አዳምጡ። በ1977 ከኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ ጋር ያወጡት "ቸ በለው" አብዛኛው ያለ ዘፋኝ ስለሆነ የድራመራቸው የተማረ ሀረጉ ምት ፊት ለፊት ይሰማል። ዋሊያሶች በ1981 ወደ አሜሪካ መጡ፤ ኃይሉ መርጊያም ዋሽንግተን አካባቢ ቀሩ፣ ዓመታት ታክሲ ነድተዋል፣ አሁንም መድረክ ላይ ናቸው። በ2020 ባወጡት "የኔ ምርጫ" ላይ ድራሙን የያዘው ኬነዝ ጆሴፍ ነው። ሁለቱን አልበሞች አከታትላችሁ ስትሰሙ ያው ችክችካ በሁለት ድራመሮች እጅ ምን ያህል እንደሚለያይ ትረዳላችሁ። በ1984 እዚሁ ዋሽንግተን የተቀረጸው የአድማስ ባንድ ሥራም አለ፤ የዚህ ከተማ የራሱ ድምፅ ስለሆነ ለተማሪዎቼ ሳላሰማ አላልፍም።

ወደ ግዢው እንምጣ። የሚቻል ከሆነ የመጀመሪያውን ጥንድ በኢንተርኔት አትግዙ። እኔ ሰፊ ምርጫ ስፈልግ ዊተን፣ ሜሪላንድ ወዳለው ቸክ ሌቪንስ እሄዳለሁ። መደብሩ በ1958 ዋሽንግተን ኤች ስትሪት ላይ ተከፍቶ ከ1968ቱ ረብሻ በኋላ ወደ ዊተን የተዛወረ ነው፤ ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች ጎረቤት ነው፣ ከፌርፋክስ ግን በቤልትዌይ የአሜሪካን ሊጅን ድልድይን መሻገር ስለሚጠይቅ ከሰዓት በኋላ አይታሰብም። ቅርብ ያለ ማንኛውም መደብርም ይበቃል፤ ዋናው በእጅ መያዙ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ከአንድ ዓይነት ስቲክ ሦስት ወይም አራት ጥንድ ጠይቁና እያንዳንዱን ስቲክ መስታወቱ ጠረጴዛ ላይ አንከባሉት። ቀጥ ያለው ዝም ብሎ ይንከባለላል፤ የጎበጠው ጫፉ ከፍ ዝቅ እያለ ይንገጫገጫል፣ አስቀምጡት። ቀጥሎ የእንጨቱን መስመር ተመልከቱ። ከእጀታው እስከ ጫፉ ቀጥ ብሎ የሚወርድ መስመር ጥሩ ነው፤ አንገቱ ጋ ደርሶ ወደ ጎን የሚወጣ ከሆነ የሚሰበረው እዚያ ነው። ከዚያ ጥንዱን ተራ በተራ ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላችሁ ንኩ፣ ጆሯችሁን አቅርቡ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ድምፅ ካላወጡ አንዱ ከሌላው ይከብዳል፤ ቀኝና ግራ እጃችሁ ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራሉ ማለት ነው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጥንዱን በክብደትና በድምፅ አዛምደው ነው የሚያሽጉት፤ ርካሾቹ ግን ብዙ ጊዜ አያዛምዱም። በመጨረሻ የመለማመጃ ፓድ ጠይቁና ችክችካ ምቱ። እንደ ብዙው ሰው ለሰኮንዶች ፈጣን ነገር መትታችሁ አትሂዱ፤ ሰዓት እያያችሁ አምስት ደቂቃ ሙሉ ሳታቋርጡ ምቱ። በመጀመሪያው ደቂቃ ሁሉም ስቲክ ይመቻል። በአራተኛው ደቂቃ ትንሿ ጣት ስቲኩን መጨበጥ ከጀመረች፣ ወይም ላላዋ ምት ከጠፋች፣ ያ ስቲክ የእናንተ አይደለም።

ደህና የሂከሪ ጥንድ ከ10 እስከ 15 ዶላር ያወጣል። መደብሮች በራሳቸው ስም የሚሸጡት ከዚያ ይረክሳል፤ ለፓድ ልምምድ ይሆናል፣ ለሠርግ ግን አላምነውም። የታዋቂ ድራመር ፊርማ ያለበት ጥቂት ዶላር ይጨምራል፤ ፊርማው ሳይሆን ቅርጹ ከተስማማችሁ ብቻ ግዙት። ቀለም የተቀባው ቀለሙ ቆዳውና ሲምባሉ ላይ ይቀራል። ከ30 ዶላር በላይ የሚሸጥ የአሉሚኒየም ስቲክም አለ፣ ሽፋኑ ብቻ ይቀየራል፤ በየሳምንቱ እንጨት ለሚሰብር ሰው ሂሳቡ ያዋጣል፣ ለችክችካ ግን ነጠራው አይጥመኝም። በጀት የሚቆጥበው አራት ጥንድ በሦስት ዋጋ የሚሸጠው ጥቅል ነው፤ ስቲካችሁን ካወቃችሁ በኋላ በዚያ ግዙ። ሠርግ ላይ ከሦስት ጥንድ ያነሰ ይዛችሁ አትሂዱ። አንዱ እጃችሁ ላይ፣ አንዱ ከትልቁ ድራም አጠገብ በሚንጠለጠል ኪስ ውስጥ፣ አንዱ ለጉራጊኛው። አንገቱ የተጋጠ ግን ያልተሰነጠቀ ስቲክ ለልምምድ ይቆይ፤ ስንጥቅ ያለበት ግን ይጣል፣ መድረክ ላይ ሲበጠስ ጫፉ ወደ ሰው ዓይን ነው የሚሄደው።

ክረምት ላይ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ሙዚቀኛ ጓደኞቼ አሁንም ከሚያዙኝ ነገር አንደኛው ስቲክ ነው። እናንተም ለዘመድ የምትወስዱ ከሆነ "ድራም ስቲክ" ብቻ ብለው ሲያዙዋችሁ አትቀበሉ፤ ቁጥሩን፣ ማርኩንና የጫፉን ዓይነት በጽሑፍ ይላኩላችሁ። ማወቅ ካልቻላችሁ የሂከሪ 5ኤ፣ የእንጨት ጫፍ ግዙ፤ ካርቶኑን ሳትቀዱ፣ በሻንጣው መሃል ልብስ ውስጥ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። የኢትዮጵያ ድራመር ያንን ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግበት ያውቃል።